ከሽሮ ሜዳ እስከ ቤተልሔም፦ ከድጓ ተማሪዎች ጋር የሰነበትኩበት የካቲት

ዐርብ የካቲት 8 ቀን 2011 ዓ.ም. — ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ኮሌጃችን ዕረፍት ሲሰጠን፣ አብሮኝ የሚያድረው የጋይንት ልጅ «እኔ የኔታን ልጠይቅ ነው፤ ትምህርቱን ከነሥሩ ማየት ከፈለግህ ተነሥ» አለኝ። እሱ ነገረ መለኮት ሊማር አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ጋይንት ባለው የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ የተማረ ነው። እኔ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ተወልጄ ያደግሁ፣ ግብረ ዲቁናውን በሰፈራችን ደብር የተማርሁ፣ ውዳሴ ማርያምን ከስልክ እየሰማሁ ያጠናሁ የከተማ ዲያቆን ነኝ። ቆሎ ተማሪ ሲባል በወሬ እንጂ በዓይኔ አላውቅም ነበር።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት መስቀል አደባባይ ተሳፈርን። ቲኬቱ አራት መቶ ብር ገደማ ነበር። እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ ተኝቼ ስለነበር የምጽፈው የለኝም። አባይ በረሃን ስንወርድ ግን የፍሬን ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ጭስ። ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ፣ ረዳቱ ጎማው ላይ ውኃ አፈሰሰ፣ እኛ ወርደን ከገደሉ ሥር ጥላ ፈለግን። ጃፓኖች ከሠሩት የአባይ ድልድይ በላይ ባለው ጠመዝማዛ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ቆመን ቀረን። ዝንጀሮዎቹ ለምደውታል መሰለኝ፣ እጃችንን እያዩ ተሰልፈው ተቀመጡ። ጓደኛዬ ዳዊቱን አውጥቶ መድገም ጀመረ። አንዲት የደብረ ማርቆስ እናት ዳቦ ቆሎ አፍሰው ሰጡንና «ቅቤ የለበትም፣ ዐርብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያዙ ልጆቼ» አሉን። ሰዓቱ ገና ስድስት ስለነበር ኪሳችን ከተትነው። ዝንጀሮዎቹ ይህንንም አዩ።

ደብረ ማርቆስ ላይ በ50 ብር በያይነቱ በላን። አዲስ አበባ ያኔ በዚህ ዋጋ የምናገኘው ሽሮ ብቻ ነበር፤ እዚህ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ስልጆው ሁሉ ተደርድሮ መጣ። ባሕር ዳር የገባነው ከመሸ ነው፤ ጣናን ሳላየው ተኛሁ።

ቅዳሜ የካቲት 9 — ደብረ ታቦር

ጠዋት ገበያ ወጥተን ጓደኛዬ በስልክ የታዘዘውን ገዛን፦ የልብስ ሳሙና፣ ጧፍ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ባለ መስመር ትልልቅ መዝገብ፣ የእከክ ቅባት። ቅባቱ ከሁሉ በዛ። «ለምንድን ነው ይህን ያህል?» ብዬ ብጠይቀው «ትደርስበታለህ» ብሎ ዝም አለኝ።

ሚኒባሱ እስከ ደብረ ታቦር 60 ብር አስከፈለን። ሐሙሲትን አልፈን ፎገራ ሜዳ ስንገባ ዓይኔን ያሳረፍኩበት ሁሉ የሩዝ ማሳ ነው። ወረታ ምሳ የበላሁት እንጀራም ሩዝ የተቀላቀለበት ነበር፤ ነጭና ለስላሳ፣ ሲቀዘቅዝ ግን ቶሎ የሚደርቅ። ከወረታ በኋላ መንገዱ መውጣት ይጀምራል። ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ ይህ ነው፤ ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይሉታል። ደብረ ታቦር ስንደርስ ብርዱ ሹራቤን አልፎ ገባ። የአልጋ ቤቷ እመቤት 150 ብር ተቀብለው ሁለት ብርድ ልብስ ሰጡን፤ ፊታችንን አይተው ሦስተኛውን በነጻ ጨመሩ።

እሑድ የካቲት 10 — ደብረ ታቦርና ጋፋት

ከቅዳሴ በኋላ ጋፋት ሄድን። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ዛሬ የሚታየው ነገር ጥቂት ነው፤ ታሪኩ ግን ለእንደኔ ዓይነቱ ተማሪ ያስቃል፣ ያሳዝናልም። መድፉን ያቀለጡት ፈረንጆች የጦር መሐንዲሶች አልነበሩም። ስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ሚስዮን የወጡ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ከእጅ ሙያ ጋር የተማሩ ልጆች ነበሩ። ሊሰብኩ መጡ፤ ንጉሡ እጃቸውን አዩና ስብከቱን ትተው ብረቱን ያዙ አሏቸው። ያ መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ድረስ ሄደ። የእጅ ሙያ ለሃይማኖት ተማሪ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል እያልን ከጓደኛዬ ጋር እስከ ከተማው ድረስ ተከራከርን። ማታ ከነነዌ ጾም በፊት የመጨረሻውን ጥብስ በልተን ክርክሩን ተውነው።

ሰኞ የካቲት 11 — ወደ ቤተልሔም

ጾመ ነነዌ ዛሬ ገባ። በጋሳይ በኩል የጉናን ተራራ እያየን ወደ ምሥራቅ ሄድን። ግራና ቀኙ ገብስና ድንች ነው፤ ሴቶች ጆንያ ሙሉ ድንች ይዘው አስፋልት ዳር ተቀምጠዋል። አስፋልቱን ስንለቅ ሚኒባስ የሚባል ነገር አበቃ። አንድ አይሱዙ በእህል ጆንያ ላይ ሊጭነን ተስማማ። ለኔ 80 ብር፣ ለጓደኛዬ 40 ብር ብሎ ነበር፤ የዋጋውን ልዩነት ምክንያት ስንጠይቀው «እሱ የአገር ልጅ ነው፣ አንተ ጫማህ ነጭ ነው» አለኝ። ጓደኛዬ ገብቶ በ50 አስማማኝ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በእግር ነው። አቧራው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ ጫማዬም ነጭነቱን እዚያው ተወ።

ቤተልሔምን ከሩቅ ሲያዩት እንደማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው። ገብቶ የተመለከተ ግን ይደነቃል፤ በክቡ ቤት ውስጥ በጥርብ ድንጋይ የተሠራ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከቅጥሩ ውጭ የተማሪዎቹ ጎጆዎች ተኮልኩለዋል። ብዙዎቹን የሠሯቸው ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ የሚለቅ ለሚመጣ ያወርሳል። እኛ ያረፍንበት ጎጆ በሩ ጎንበስ ካላሉ አያስገባም፤ ውስጡ መደብ፣ ደበሎ፣ ድርቆሽ የሞላ አኩፋዳና ከግድግዳው የተሰቀለ የመጽሐፍ ማኅደር ብቻ አለ።

የኔታን ልንሳለም ገባን። ጓደኛዬ ጉልበታቸውን ስሞ ቆመ። ስለ ኮሌጁ ጠየቁት፣ ስለ እናቱ ጠየቁት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ምን ትማራለህ?» አሉኝ። ነገረ መለኮት፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ ግሪክኛም ጥቂት እንደሆነ ነገርኳቸው። «ዜማስ?» አሉ። መልሴን ሳይጠብቁ ውኃ እንዲሰጡን አዘዙ።

ማክሰኞ የካቲት 12 — ቤተልሔም

ሌሊቱን የቀሰቀሰኝ ቁንጫ ነው፤ ዜማው የመጣው ቀጥሎ ነው። ዶሮ ሳይጮህ ከየጎጆው ድምፅ ይነሣል። በጨለማ መጽሐፍ ስለማይታይ ሌሊት የሚጠናው በቃል ነው። የአንዱ ጎጆ ዜማ ከሌላው ጋር አይገጥምም፣ ግን ማንም በማንም አይሳሳትም። ጎህ ሲቀድ ሁሉም ተነሥቶ ኪዳን ሊያደርስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል።

ከዚያ ጉባኤው ከወይራው ሥር ይዘረጋል። የኔታ አጎዛ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሦስት ተማሪዎች በየፊናቸው ድጓቸውን ዘርግተው ሦስት የተለያየ ቦታ ያዜማሉ። የተኙ መስለውኝ ነበር፤ ድንገት ዓይናቸውን ሳይገልጡ በመቋሚያቸው የመካከለኛውን ጉልበት ነካ አድርገው «ደረቱን ዋጥከው፤ መልሰው» አሉት፤ ደረት ከዜማው ምልክቶች አንዱ ነው። ልጁ መለሰው። ሁለቱ አላቋረጡም። እኛ ኮሌጅ አንድ መምህር ለአንድ ክፍል ያስተምራል፤ ከኋላ ወንበር የሚያወራ ካለ ይቋረጣል።

ድጓ የቅዱስ ያሬድ ዝማሬ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው የመጽሐፉን አሠራር ነው። ከእያንዳንዱ መስመር በላይ የዜማው ምልክት በደቃቅ ጽሕፈት ይገባል፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፤ ከነዚህም ሌላ ዜማውን ከሌላ ዜማ ጋር የሚያገናኙ የፊደል ምልክቶች አሉ። አንድ ፊደል የተዛነፈበት ድጓ ዘማሪውን ወደ ሌላ ዜማ ይወስደዋል። ስለዚህ ተማሪው መጽሐፉን ከገበያ ገዝቶ አይገባበትም፤ ከመምህሩ እየተማረ ራሱ ይጽፈዋል፣ የጻፈውን የኔታ ፊት አዚሞ ያሳርማል። ከሌሎቹ የዜማ ስልቶች፣ ከቆማና ከአጫብር፣ የሚለየውን የቤተልሔምን ዜማ አስመስክሮ የሚወጣው ይህን የጨረሰ ነው። በግራኝ ዘመን ድጓ ከብዙ ቦታ ሲጠፋ እዚህ ተረፈ ይባላል፤ የኔታም ይህን እንደ ትላንት ወሬ ነው የሚያወሩት።

በጾም ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው። ከቅዳሴ ስንወጣ ሁለት ታናናሽ ተማሪዎች አኩፋዳቸውን አንግተው፣ የውሻ በትር ይዘው ለቁራሽ ሲወጡ ተከተልኳቸው። ታናሹ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። የመጀመሪያው ደጃፍ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም!» ሲል ድምፁ ቀጠነ፤ መልስ የሰጠው ውሻ ነው። የሱሪዬ እግር እዚያ ቀረ። ሁለተኛው ቤት ማንም የለም። ሦስተኛው ቤት አንዲት አሮጊት ወጡና «እንጀራ አልጋገርኩም ልጄ፣ ድንች ይሁንልህ?» አሉት። «ይስጥልኝ እማማ፣ እመቤቴ ታኑርልኝ» ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ። ሦስት የተቀቀለ ድንች ነበር። አሮጊቷ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አይተው «ይህስ ትልቁ ምን ይለምናል?» አሉ፤ ልጆቹ መሬት እስኪቀመጡ ሳቁ።

ማታ እሳት ዳር ያን ቅባት አከፋፈልን። ብዙዎቹ ልጆች በጣቶቻቸው መካከል እከክ አለባቸው፤ ታናሹ ሌሊት እያከከ እንደማይተኛ ነገረኝ። ጓደኛዬ ልመናው ትሕትና ያስተምራል፣ እኔም አልፌበታለሁ ይላል። ትሕትናው እውነት ነው፤ እሱን ሳየው አምናለሁ። ነገር ግን ረሃብና እከክ ከትምህርቱ ክፍሎች አንዱ እንደሆኑ አድርጎ የሚያወራ ሁሉ፣ ብዙ ጊዜ፣ ጠግቦ ያደረ ሰው ነው። አገሩ ራሱ ድርቅ የሚመላለስበት ነው፤ ድንች የሰጡት አሮጊትም ከትርፋቸው አልሰጡም። በየከተማው ሕንፃ የምንሠራ ደብሮች ለአንድ ጉባኤ ቤት የዓመት እህል መቁረጥ አያቅተንም።

ረቡዕ የካቲት 13 — ብራና

ይህን ቀን ለማየት ነው የመጣሁት ብል አላጋነንኩም። ከታላላቆቹ ተማሪዎች አንዱ ቁም ጸሐፊ፣ ብራና ላይ በእጁ መጽሐፍ የሚጽፍ፣ ነው፤ ሌሎቹ ብራና ሲፍቁ እሱን ያማክራሉ።

የፍየል ቆዳው ቀድሞ ለቀናት ውኃ ውስጥ ተነክሯል። ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። ዳር ዳሩ ተበስቶ በገመድ ከእንጨት መወጠሪያ ጋር አራቱም ማዕዘን ይጎተታል፤ በጣት ሲመታ ከበሮ እስኪመስል ድረስ። ከዚያ ሥጋው የነበረበት ገጽ በመፋቂያ ይፋቃል፣ በሸካራ ድንጋይ ይታሻል፣ ፀሐይ ይመታዋል፤ ተገልብጦም ጠጉሩ ይወርዳል። ጸሐፊው መፋቂያውን ሰጥቶኝ ትንሽ ሞከርኩ። የሚያደክመው ክንድን አይደለም፣ ትንፋሽን ነው፤ እጅ ከተጫነ ይበሳል፣ ከላላ አይነካም። አሮጌ የብራና መጻሕፍት ላይ በጅማት የተሰፉ ክብ ቀዳዳዎች የምናየው ለዚህ ነው፤ ጸሐፊው ፊደሉን በቀዳዳው ዙሪያ አሳልፎ ይጽፋል።

የደረቀው ብራና ልኩን ይቆረጣል፤ በወስፌ ዳሩ ተወግቶ በወስፌው ጀርባ ይሰመራል። ከአንድ ፍየል ለድጓ ልክ የሚሆን ታጥፎ ሁለት ቅጠል የሚወጣ አንድ ቁራጭ ይገኛል። ድጓ ሁለት መቶ ቅጠል ቢፈጅ መቶ ፍየል ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ አብዛኛው ተማሪ ድጓውን የሚጽፈው እኛ ባመጣነው ዓይነት መዝገብ ላይ ነው፤ የታተመም አለ። ብራና የሚፍቁት ጥቂቶች ናቸው፣ እነሱም ለዳዊት ወይም ለመልክእ የሚበቃ ያህል። ዋጋው ስንት ነው ብዬ ጠየቅሁ። ጥሬው ቆዳ ያኔ ከ20 ብር አይበልጥም ነበር፤ የሚወደደው ቀኑ ነው። እኔ በሰፈራችን በየበዓሉ ቆዳ መንገድ ዳር ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው ነው የማውቀው። ገዢ ጠፍቷል ይላሉ፤ እዚህ ደግሞ ተማሪው ቆዳ ለመግዛት ማተብ ፈትሎ፣ አኩፋዳ ከስንደዶ ሰፍቶ፣ መቋሚያ ጠርቦ ለገበያ ያወጣል።

ጥቁሩ ቀለም ከምጣድና ከድስት ሥር ከሚፋቀው ጥላሸት ይሠራል። የተቆላ ገብስ አብሮት ይወቀጣል፣ ቅጠል ይጨመርበታል፣ ከዚያ በማሰሮ ለወራት ይብላላል፤ በየቀኑ ይማሰላል። የቸኮለ ቀለም ይላጣል አለኝ ጸሐፊው። ቀዩ ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ነው። ብዕሩ መቃ ነው፤ አንዱ ወፍራም ለንባቡ፣ አንዱ ቀጭን ለምልክቱ ይቀረጻል። ቀለሙ በቀንድ ውስጥ ሆኖ መሬት ተተክሏል። ጸሐፊው ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ያለ ጠረጴዛ፣ እያዜመ ይጽፋል። ሳያዜሙ መጻፍ አይቻልም ወይ ብዬ ብጠይቀው «ይቻላል፣ ምልክቱ ግን ይሳሳታል» አለኝ።

እኔንም አንድ መስመር አስጻፈኝ። የኔታ መጥተው አዩት፤ «ፊደሉ ደህና ነው፤ እጅህ ግን ይሮጣል» ብለው ሄዱ። ኮሌጅ ውስጥ አንድ የተመደበልንን ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ አድርጌ፣ አስምሬበት፣ ለፈተና አንብቤ እረሳዋለሁ። እዚህ ያ ልጅ ያን ገጽ መጀመሪያ በጆሮው፣ ቀጥሎ በእጁ፣ ከዚያ በጉሮሮው ያልፍበታል። ትምህርታችን ይቅርና ወደዚህ እንመለስ አልልም፤ ሐዋርያዊ አባቶችን በግሪክኛ ማንበብም ያስፈልጋል። ግን የኮሌጃችን ተመራቂ የሚቀድስበትን መጽሐፍ ከምን እንደሚሠራ ሳያውቅ ይመረቃል፤ ይህ ያሳፍራል።

ሐሙስ የካቲት 14 — ጾሙ ተፈታ። ቀኑን ሙሉ ልብስ አጠብን፣ እንጨት ለቀምን፣ ተኛን።

ዐርብ የካቲት 15 እና ቅዳሜ የካቲት 16 — ኪዳነ ምሕረት

ጎረቤት ያለች ደብር የኪዳነ ምሕረትን በዓል ስለምታነግሥ ተማሪው ሁሉ ከየኔታ ጋር ወጣ። የኔታ በበቅሎ፣ እኛ በእግር። ዋዜማው ከተቆመ በኋላ ትንሽ ተኝተን፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ማሕሌት ቆምን። ቀን ቀን እከኩን ሲያክ የነበረው ልጅ ጸናጽል ይዞ ከሊቃውንቱ ኋላ ቆሟል፤ መልክኡ ሲዜም አንድም ቃል አልሳተም። ወረቡ ሲደርስና ከበሮው ሲፈጥን ብርዱን ረሳሁት። እኔ የማውቀው የከተማ ማሕሌት ማይክራፎን አለው፣ ድምፁም የአንድ ሰው ነው። እዚህ ግን የድምፁ ምንጭ የቱ እንደሆነ አይታወቅም፤ ግድግዳው የሚያዜም ይመስላል።

ነግቶ ታቦቷ ወጥታ ከገባች በኋላ ዝክሩ ሆነ። ዶሮ ወጥ፣ ጠላ፣ ድፎ ዳቦ። ትንንሾቹ ዝም ብለው በሉ፤ ሲበሉ አላወሩም። ባለ ዝክሩ አባወራ «ድገሙ፣ ዛሬ በትር አያስፈልግም፣ ውሻው ታስሯል» እያሉ ያዞሩ ነበር። የተረፈውን እንጀራ አኩፋዳ ውስጥ ከተቱት፤ ደርቆ ለሳምንቱ ድርቆሽ ይሆናል።

እሑድ የካቲት 17 — መልስ

የኔታ ስንሰናበታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ለበዓል የሚታረደው ፍየል ቆዳው የት እንደሚገባ ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ለትንሽ ጊዜ ዝም ብለው «ለትንሣኤ ላክልን» አሉ። በመመለሻው አይሱዙ ሾፌሩ 50 ብር ሳይከራከር ተቀበለኝ፤ ጫማዬን አይቶ መሆን አለበት።

ሚያዝያ 20 ፋሲካ ዋለ። ሰኞ ከጎረቤቶቻችን ቤት ለቤት ዞሬ ቆዳ ለመንኩ፤ እናቴ ሰው ምን ይላል ብትልም በመጨረሻ ጨዉን የገዛችው እሷ ናት። የባሕር ዳሩ አውቶቡስ ረዳት ሽታውን ምክንያት አድርጎ የዕቃውን ዋጋ እጥፍ አስከፈለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከቁም ጸሐፊው ስልክ ተደወለ፦ ጥቂቶቹ ተበላሽተዋል፣ የቀሩት ተወጥረዋል። «የኔታ ምን አሉ?» አልኩት። «የበግ ነው ያበዛኸው፤ በግ ስብ አለበት፣ ቀለም አይዝም። ለሚቀጥለው ፍየል የሚያርዱትን ለይተህ ለምን አሉህ» አለኝ።